«መጻሕፍቱ ከተነሱ እኔስ ወዴት?»

በዚህ ሳምንት የምመልሰው ደብዳቤ አንድ ብቻ ነው። ረዘም ስለሚል ፍሬ ነገሩን ይዤ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? በአንድ የክልል ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የተማርኩት ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ነው። ባለፈው ወር አዲሱ ኃላፊያችን ስብሰባ ጠርተው ‹የንባብ አዳራሹ ግማሹ የኮምፒውተር ክፍል ይሆናል። አሮጌዎቹ መጻሕፍት ይነሱ። የሚፈለገውን ስካን አድርገሽ በቴሌግራም ልቀቂው። አሁን ሁሉም ነገር ስልክ ላይ አለ› አሉ። አፌ ተሳሰረ፤ ምንም አልመለስኩም። ታናሽ ወንድሜ ‹ላይብረሪያን የሚባል ሥራ አምስት ዓመት አይቆይም፣ ኮዲንግ ተማሪ ብዬሽ ነበር› ይለኛል። እናቴ ደግሞ ‹የመንግሥት ሥራ አይለቀቅም› ትላለች። አንባቢውም ተለውጧል። የሚመጣው ተማሪ ነው፤ እሱም የራሱን ሃንድአውት ይዞ ነው የሚመጣው። መደርደሪያው ጋ የሚደርስ በቀን አሥር ሰው አይሞላም። አንድ ቀን ሳይቀሩ የሚመጡት አንድ ጡረተኛ መምህር ናቸው። መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብለው ጋዜጣና የድሮ መጽሔት ያነባሉ። የስብሰባውን ወሬ ሰምተው ኖሮ ‹ልጄ፣ እኔንስ የት ልታስቀምጪኝ ነው?› ሲሉኝ መልስ አጣሁ። ሶኬት ያለው በግድግዳው በኩል ብቻ ቢሆንም አዳራሹ በሙሉ ሊነካ ነው እየተባለ ነው። ልልቀቅ ወይስ ልቆይ? መጻሕፍቱ ከተነሱ እኔስ ወዴት ነኝ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ያየሁት ጭንቀትሽን ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ግን አንድ ነገር ገረመኝ። ስለ ደሞዝ አንድም ቃል አልጻፍሽም። የጻፍሽው ስለ መጻሕፍቱ፣ ስለ ተማሪዎቹና ስለ እኚያ መምህር ነው። ስለዚህ ይህን ሥራ ትወጂዋለሽ ብዬ ነው የምመልስልሽ። ተሳስቼ ከሆነ አርሚኝ።

አጭሩ መልሴ አሁን አትልቀቂ ነው። ምክንያቴ ግን የእናትሽ ምክንያት አይደለም።

ደስ ከማይልሽ ነገር ልጀምር። በኮምፒውተሩ ጉዳይ ኃላፊሽ ልክ ናቸው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በከፊል በኦንላይን ተሰጥቷል። ማውስ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ሰዓት የሚቆጥር ስክሪን ፊት ሲቀመጥ ምን እንደሚሰማው አስቢው። ቤቱ ኮምፒውተር የሌለው ልጅ የት ሄዶ ይለማመድ? ኢንተርኔት ካፌ ገብቶ በሰዓት እየከፈለ? በነፃ የሚለማመድበት ቦታ በከተማችሁ ውስጥ የእናንተ ቤት ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የኮምፒውተር ክፍሉን አትቃወሚ። እንዲያውም «እኔ ልምራው» በያቸው። ክፍሉን ሌላ ሰው ከያዘው ቁልፍና የወረፋ ደብተር ያለው ክፍል ብቻ ሆኖ ይቀራል። አንቺ ከያዝሽው ግን ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ ዞር ብሎ መደርደሪያውን የሚያይበት ቀን ይመጣል።

ኃላፊሽ የተሳሳቱት «ሁሉም ነገር ስልክ ላይ አለ» ያሉት ላይ ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር በየቦታው እሰማታለሁ። በሰማኋት ቁጥር አባቴ ትዝ ይሉኛል።

አባቴ መምህር ነበሩ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ጡረታ ሲወጡ የተማሩበትንና መልሰው ያስተማሩበትን ትምህርት ቤት ታሪክ ጻፉ። 60 ገጽ ገደማ ነው። ማን መሠረተው፣ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ከየት መጡ፣ ጣሪያው ከሣር ወደ ቆርቆሮ የተለወጠው መቼ ነው፣ ይህን የመሰለ ነገር። እህቴ በመሥሪያ ቤቷ ኮምፒውተር ተየበችው። በፍሎፒ አስቀመጥነው፤ ኋላም ወደ ሲዲ ገለበጥነው። በቃ፣ ተጠብቋል ብለን ተውነው። አባቴ ባረፉ በዓመታቸው፣ ለሙት ዓመታቸው አባዝተን ለዘመድ ልናድል ፋይሉን ከፈትነው። አንድም የአማርኛ ፊደል አልነበረበትም። የላቲን ፊደል፣ ቅንፍ፣ ኮከብና ነጥብ የተዘባረቀበት ገጽ ነው የወጣው። እህቴ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ምን እንደሆነ በኋላ ገባን። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የራሱን ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ፣ በራሱ አደራደር ይሰካቸው ነበር። በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም። ሶፍትዌሩና ፎንቱ ሲጠፉ ጽሑፉም አብሮ ይዘጋል። በዚያ ዘመን በኮምፒውተር የተጻፈ ስንት ቃለ ጉባኤ፣ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ስንት ግጥም በየመሳቢያው እንደዚህ ተዘግቶ እንደቀረ አስቢው።

የአባቴን ጽሑፍ ያገኘነው ያው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። አባቴ አንድ የታተመ ቅጂ ሰጥተው ነበር። የዚያን ጊዜዋ ሠራተኛ ስቴፕል ያደረጉትን ወረቀት «ይህ መጽሐፍ አይደለም» ብለው አልጣሉትም። በመዝገብ ቁጥር ሰጥተውታል። ማኅተም መትተውበታል። በካርድ ላይ የጸሐፊውን ስምና ርዕሱን ጽፈው፣ ጥግ ላይ «አንድ ቅጂ ብቻ፣ ውሰት የለውም» ብለውበታል። ሴትየዋን አላውቃቸውም። የማውቀው የእጅ ጽሕፈታቸውን ብቻ ነው። የአባቴን 60 ገጽ ያተረፉልን ግን እሳቸው ናቸው።

እህቴ፣ ያንቺ ሥራ ይህ ነው። ኃላፊሽም ወንድምሽም ሥራሽን መጽሐፍ መጠበቅ አድርገው ነው ያዩት። መጽሐፍ መጠበቅማ ዘበኛም ይችላል። አንቺ የምትሠሪው አንድ ከተማ ራሱን የሚያስታውስበትን ቦታ መያዝና ሰው የሚፈልገውን ነገር ሲያጣ አብሮ መፈለግ ነው። ይህ ሥራ ዲጂታል በመጣ ቁጥር ይበዛል እንጂ አይቀንስም። ለምን እንደምል በራስሽ ስልክ ሞክሪው።

ስልክሽን አንሺና «ፀሐይ» ብለሽ ፈልጊ። ቀጥለሽ «ጸሀይ» በይ። ጸ ወይም ፀ፣ ሀ ወይም ሐ ወይም ኀ፤ ይህች አንዲት ቃል ብቻ ስድስት ዓይነት አጻጻፍ ሊኖራት ይችላል። ብዙ የመጻሕፍት ማውጫ ለስድስቱ ስድስት የተለያየ መልስ ይሰጣል። ልጁ በአንዱ ይፈልግና «የለም» ብሎ ይሄዳል። አንቺ ግን መኖሩን ታውቂያለሽ። የስምም ነገር አለ። በፈረንጅ ልማድ የተሠራ ማውጫ የአባትን ስም አስቀድሞ ይመዘግባል። እኛ ጋ የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለም፤ ሰው የሚፈለገው በራሱ ስም ነው። ደራሲው በአንዱ ማውጫ በራሱ ስም፣ በሌላው በአባቱ ስም ተመዝግቦ ሁለት ሰው ሆኖ ይገኛል። ዘመኑም እንደዚሁ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. 1958 ተብሎ ከተመዘገበ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። በዚያ ላይ ተመሥርቶ የሚጻፍ ጥናት ምን እንደሚሆን አንቺው ገምቺ። ይህን የሚያርመው ማሽኑ ሳይሆን እዚህ ተወልዶ የተማረ፣ ሁለቱንም አቆጣጠር የሚያውቅ ሰው ነው።

አሁን ደግሞ ተማሪዎች ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ይጠይቃሉ። ጥሩ ነው፤ እኔም እጠይቀዋለሁ። ግን ተጽፎ የማያውቅ መጽሐፍ ከነደራሲው፣ ከነዘመኑ ፈጥሮ ሲሰጥሽ አይሽኮረመምም። በተለይ ስለ አማርኛ መጻሕፍት ስትጠይቂው። ልጁ ያንን ርዕስ በወረቀት ጽፎ ይመጣና «እህት፣ ይህን አምጪልኝ» ይልሻል። ያን ጊዜ «እንዲህ የሚባል መጽሐፍ የለም፤ ና፣ ያለውን ላሳይህ» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል።

መጽሐፍ እያለቀለት ነው ወይ ብለሽ ሰግተሽ ከሆነ፣ እኔ አይመስለኝም። በኛ ዕድሜ ያለን ሰዎች ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ልብ ወለድ ሲተርክ ሰምተን ነው መጽሐፉን ፍለጋ የወጣነው። ሠፈራችን ውስጥ በሳንቲም የሚያከራይ ልጅ ጋ ወረፋ ይዘን ነበር። ሬዲዮው አንባቢ አበዛ። ስልኩም እንደዚያ ሊያደርግ ይችላል፤ ዛሬ ታክሲ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ትረካ የሚሰሙ ወጣቶች ሞልተዋል። አገሩ መጽሐፍ በቃኝ ቢል ኖሮ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ አብርሆትን የሚያክል ቤተ መጻሕፍት አይሠራም ነበር። እዚያ ኮምፒውተሩም መጽሐፉም በአንድ ጣሪያ ሥር ነው ያሉት። ለኃላፊሽ ይህን ንገሪያቸው።

ዲጂታል ማድረግን እንደ ጠላት አትዪው። በዚህ ሥራ የእኛ አገር ታሪክ ያኮራል። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረ። ከአሜሪካ ሚኒሶታ ካለ የቅዱስ ዮሐንስ ገዳምና ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ከ9,000 በላይ ብራናዎች ተነሱ። ብዙዎቹ በየገዳሙ ዕቃ ቤት፣ ከቄሰ ገበዙ በቀር ሰው እምብዛም የማያያቸው መጻሕፍት ናቸው። ካሜራው ገጹን አነሳ። በውስጡ ያለውን አንብበው ለዓለም የነገሩን ግን እንደ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ያሉ ሰዎች ናቸው። በ1968 ዓ.ም. በጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆነው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ለአሥርት ዓመታት ብራና በብራና ዝርዝሩን ሠሩ። ያ ዝርዝር ባይኖር 9,000 ፊልም ምን ይሆን ነበር? ሳጥን ውስጥ የተጠቀለለ ፕላስቲክ። ስካን የተደረገ ግን ስሙ፣ ዘመኑ፣ ባለቤቱ ያልተጻፈበት ፋይልም እንደዚያው ነው።

የቴሌግራሙ ነገር ግን ይቆይ። እዚህ ላይ በትህትና፣ ግን ሳትፈሪ እምቢ በይ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወት እያለና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። በሕይወት ያለ ደራሲ መጽሐፍ ስካን አድርጎ መልቀቅ ሕግ መጣስ ነው። ሕጉን እንኳ ብንተወው፣ የኛ አገር ደራሲ እንዴት እንደሚያሳትም ታውቂያለሽ። ብዙው ከራሱ ኪስ ለማተሚያ ቤት ከፍሎ፣ ተበድሮም ቢሆን፣ ለአከፋፋይ አስረክቦ ገንዘቡን ይጠብቃል። መጽሐፉ በወጣ በሳምንቱ ፒዲኤፉ ቴሌግራም ላይ ከተለቀቀ ሁለተኛውን መጽሐፍ በምን ያሳትመው? የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት በዚህ ላይ እጁን ማስገባት የለበትም። የቴሌግራም ቻናል ግን ክፈቺ። አዲስ የገባውን መጽሐፍ ሽፋን፣ ሁለት ሦስት መስመር መግለጫና «ቤታችን አለ፣ ኑና አንብቡ» የሚል ቃል አድርጊበት። ሰው የማይመጣው መጽሐፉ መኖሩን ስለማያውቅም ነው።

አሮጌዎቹ መጻሕፍት ይነሱ መባሉ አንጀትሽን እንደበላው ይገባኛል። ግን እውነቱን እንነጋገር። በየቤተ መጻሕፍቱ ያለው ሁሉ ይቀመጥ የሚያሰኝ አይደለም። ከውጭ በኮንቴይነር በእርዳታ የመጣ፣ አገሩ የጣለው የኮምፒውተር መማሪያ፣ የማናውቀው ከተማ የሕግ መጽሐፍ፣ ሰላሳ ቅጂ ያለው አንድ ዓይነት የሂሳብ መጽሐፍ፤ እነዚህ መደርደሪያ ይዘው ሰው የሚፈልገውን ይሸፍናሉ። አስወግጃቸው። አንቺ ራስሽ ቀድመሽ ብታነሻቸው እንዲያውም ጥሩ ነው። «ይህን ያህል መደርደሪያ አስለቅቄያለሁ፣ የቀረውን ግን አትንኩብኝ» ለማለት አቅም ይሰጥሻል።

የማይነካው የቱ ነው? በአማርኛም ሆነ በአካባቢያችሁ ቋንቋ የተጻፈ ሁሉ ቢያንስ አንድ ቅጂው ይቅር። በደርግ ዘመን ሞስኮ ታትመው የመጡት የማርክሲዝም የአማርኛ ትርጉሞችም ቢሆኑ። ማንም አያነባቸውም ትዪኝ ይሆናል። ስለዚያ ዘመን የሚጽፍ ልጅ ግን ነገ ይመጣል፤ ያ ትውልድ ምን እያነበበ እርስ በርሱ እንደተላለቀ ለማወቅ እነሱን ያገላብጣል። ቢሮዎች አምጥተው የጣሉት ፋይልና መዝገብ ካለ ደግሞ ወመዘክርን፣ ማለትም ብሔራዊውን ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ሳትጠይቁ አንዲት ወረቀት አታስወግዱ። ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ቤት ነው፤ ለዚህ ነው የቆመው። የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ከመሰብሰቡ በፊት ዝርዝሩን አንቺ አዘጋጂ። ኮሚቴ የሚወስነው ፊቱ በቀረበለት ዝርዝር ነው።

አሁን በጣም የምወደው ክፍል ላይ ደረስኩ። በአዳራሹ ውስጥ አንድ መደርደሪያ፣ አንድ ብቻ፣ ለከተማችሁ አስቀሪ። «የከተማችን» ብለሽ ጻፊበት። ምን ይግባበት? የትምህርት ቤቶቹ የምረቃ መጽሔቶች። ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ለበዓላቸው ያሳተሟቸው ትናንሽ መጻሕፍት። የዕድሩ የቆየ ደንብ። የወጣቶች ክበብ በስቴንስል ያባዛው የግጥም ጥራዝ። በራሱ ገንዘብ አምስት መቶ ቅጂ አሳትሞ አራት መቶው ቤቱ ውስጥ ያለው የሠፈራችሁ ገጣሚ። የእግር ኳስ ቡድኑ ፎቶ። የድሮ ፎቶ ቤት ከነበረ ባለቤቱን ጠይቂ፤ ኔጌቲቩን በካርቶን ይዞት ይሆናል። እህቴ፣ ከእነዚህ ውስጥ አንዱም ስልክ ላይ የለም። ማንም ከአዲስ አበባ መጥቶ አይሰበስብልሽም። አንቺ ካልሰበሰብሽው አይጥና ዝናብ ይጨርሰዋል።

ስካን የምታደርጊው ይህንን ነው። ባለቤቱን አስፈቅጂ፤ ፈቃዱንም በጽሑፍ ያዢ። ስካነር ከሌለ ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክና የቀን ብርሃን ይበቃል። ለእያንዳንዱ ፋይል ስም ስጪው፤ ርዕስ፣ ዘመን፣ ከማን እንደተገኘ። ዘመኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሁልጊዜ ጻፊ። ስትተይቢ በዩኒኮድ ብቻ። ሦስት ቅጂ ይኑርሽ፤ አንዱ ከዚያ ሕንፃ ውጭ ይቀመጥ። ፍላሽ ዲስክን አትመኚ። ዋናውን ወረቀትም አትጣይ። የአባቴን ነገር አስታውሺ።

ኢንተርኔቱ ደካማ ነው፣ መብራትም ይጠፋል ትዪኝ ይሆናል። ለእሱም መላ አለ። ኪዊክስ የሚባል በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ዊኪፒዲያን በሙሉ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። እንግሊዝኛው ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይትን ትንሽ የሚያልፍ ነው። የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች ያሉት ስለሆነ ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው። ኢንተርኔት ያለበት ቦታ አንድ ጊዜ አውርደሽ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ትጭኚውና ከተራ ራውተር ጋር ታገናኚዋለሽ። ልጆቹ በስልካቸው ዋይፋዩን ይዘው ያነባሉ። ዳታ አይቆርጥባቸውም። የመማሪያ መጻሕፍቱን ሶፍት ኮፒም እዚያው አድርጊላቸው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተመው መጽሐፍ ሳይደርስ በስንት ቦታ በሶፍት ኮፒ እንደተማሩ ታስታውሻለሽ። ስልክ የሌለው ልጅ ያን ጊዜ ምን አደረገ? አዲሱ የኮምፒውተር ክፍል ለእሱ ነው መሆን ያለበት።

አንድ ሰው ልንገርሽ። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ይሠሩ ነበር። በተለያዩ ቋንቋዎች የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት ሲፈልጉ በአማርኛ የሚታዘዝ አጡ። ይህ ነገር አላስተኛቸውም። ራሳቸው የልጆች መጽሐፍ ጻፉ። በኋላም አገራቸው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ሐዋሳ ላይ ደግሞ መጻሕፍት በአህያ ጋሪ ጭነው ልጆቹ ወዳሉበት ወሰዱ። ተመልከቺ፣ እኚህ ሰው ሙያቸው ያንቺ ሙያ ነው። ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠው አንባቢ አልጠበቁም።

ካንቺ አህያ አልጠብቅም። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ብቻ ለልጆች ስጪ። ምንጣፍ አንጥፊ፣ ተረት አንብቢላቸው፤ ከዚያ እነሱ ያንብቡልሽ። ሃንድአውት ይዞ የሚመጣው ተማሪ መደርደሪያው ጋ የማይሄደው ልጅ ሳለ ማንም ስላልወሰደው ይመስለኛል። እሱን አሁን መለወጥ ሊያስቸግርሽ ይችላል። ታናሽ እህቱን ግን ትደርሺባታለሽ።

ወደ ወንድምሽ ልምጣ። በክፉ አትይው፤ አስቦልሽ ነው። ግን ሙያሽ ከኮምፒውተር ጋር ትናንት የተገናኘ ይመስለዋል። አንቺ የተማርሽው ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዩኔስኮ ድጋፍ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፤ ለአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ተብሎ። ከመነሻውም መረጃንና ኮምፒውተርን አንድ ላይ ነው የያዘው። ስለዚህ የወንድምሽን ምክር ግማሹን ውሰጂ። ሙያ ለመቀየር ሳይሆን ሙያሽን ለማስፋት ተማሪ። ኮሃ የሚባለውን የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ተለማመጂ፤ ነፃ ነው፣ በላፕቶፕሽ ላይ ጭነሽ ልትሞክሪው ትችያለሽ። ዲስፔስንም እይው፤ ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስቀምጡበት እሱ ነው። ወንድምሽ ኮድ የሚችል ከሆነ ደግሞ ቅዳሜ ይምጣና ራውተሩን ያገናኝልሽ። «ፀሐይ»ን በስድስቱም አጻጻፍ የሚያገኝ ፍለጋ ይሥራልሽ።

በገንዘቡ አልዋሽሽም። በዚህ ሥራ ሀብት አይገኝም። ብዙ መሥሪያ ቤት ሌላ ቦታ ያልተፈለገ ሠራተኛን ቤተ መጻሕፍት ነው የሚመድበው፤ ያ አመለካከት ባንቺም ላይ ያርፋል። ያማል። ስለዚህ ለራስሽ ጊዜ ቁረጪ። እስከሚመጣው መስከረም ድረስ ሞክሪ። በየቀኑ ማን ምን ጠየቀ፣ ምን አገኘ፣ ምን አጣ ብለሽ በደብተር ያዢ። ከሦስት ወር በኋላ ያንን ደብተር ይዘሽ ኃላፊሽ ቢሮ ግቢ። ቤተ መጻሕፍት ጠቃሚ ነው ብለሽ አትከራከሪያቸው። «በዚህ ወር ይህን ያህል ሰው ይህንን ጠይቆ ይህንን አጥቷል» በያቸው። ለበላይ የሚያቀርቡት ሪፖርት ይፈልጋሉና ይሰሙሻል። መስከረም ደርሶ አንዱንም ነገር ካልፈቀዱልሽ፣ ያን ጊዜ ልቀቂ። በዓመቱ የያዝሽው እውቀት ዩኒቨርሲቲም፣ ድርጅትም፣ ማኅደር ያለው መሥሪያ ቤትም ያስገባሻል። እናትሽንም እኔ አስረዳልሻለሁ፤ ደብዳቤ እጽፍላቸዋለሁ።

ጡረተኛውን መምህር በተመለከተ ደግሞ ነገ ጠዋት ሲመጡ ከድሮዎቹ የምረቃ መጽሔቶች አንዱን ይዘሽላቸው ቅረቢ። ፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ስም ይንገሩሽ፤ አንቺ ጻፊ። ሳያስተምሩት የቀረ የከተማችሁ ሰው ጥቂት ይመስለኛል። ወንበራቸው ከመስኮቱ አጠገብ አይነቃነቅ። ኮምፒውተሮቹ በግድግዳው በኩል ይደርደሩ፤ ሶኬቱም ያለው እዚያው ነው ብለሽኛል።